ተኩሱ ይሰማል፣ ንግግሩ የለም



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ማታ ማታ በየቤታችን የሚያነታርከን ነው። ፊልም ይከፈታል። ተዋናዮቹ ዝቅ ባለ ድምፅ መነጋገር ሲጀምሩ አንዱ «ድምፅ ጨምሩበት እንጂ!» ይላል፤ ይጨመራል። ወዲያው መኪና ይጋጫል፣ ጠመንጃ ይንጣጣል፣ የመስኮቱ መስታወት ይርገበገባል፤ ተኝቶ የነበረው ሕፃን ይነቃል። «ኧረ ቀንሱት!» ይባላል፤ ይቀነሳል። አሁን ደግሞ ንግግሩ ጠፋ። እንዲህ ሲጨመርና ሲቀነስ ፊልሙ ያልቃል። በማግሥቱ ታሪኩን ብትጠይቁ ማን ማንን እንደገደለ የሚነግራችሁ ሞልቷል፤ ለምን እንደገደለው የሚነግራችሁ ግን አታገኙም።

ብዙ ሰው ጥፋቱን ለዕቃው ይሰጣል። ስፒከሩ ርካሽ ስለሆነ ነው ብሎ ትልቁን ይገዛል፤ ትልቁም ያንኑ ጩኸት አጉልቶ ያመጣለታል። እኔ የማምነው ሌላ ነው። ንግግር ጠርቶ የሚሰማው ስፒከሩ ጉልበተኛ ስለሆነ አይደለም። ወሳኙ ንግግሩ እሱን ከሚሸፍነው ነገር በምን ያህል ይበልጣል የሚለው ነው። እዚህ ጋምቤላ ላይ ንግግርን የሚሸፍነው ነገር ብዙ ነው፤ ቆርቆሮው፣ ዝናቡ፣ ጄኔሬተሩ፣ ቬንትሌተሩ፣ ባዶው የሲሚንቶ ግድግዳ። ንግግሩ ጠርቶ እንዲሰማን የምንፈልግበት ምክንያትም ከሌላው አካባቢ ይጠነክራል። ከእሱ ልጀምር።

የክልላችን የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ቤታችን ስንገባ ግን የምንነጋገረው በኑዌር፣ በአኝዋ፣ በማጃንግ፣ በኦፖ ወይም በኮሞ ነው። ከሌላ አካባቢ መጥተው እዚህ የኖሩትም የየራሳቸው የእናት ቋንቋ አላቸው። ስለዚህ እዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል የአማርኛ ፊልም በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው የሚያይ ብዙ ነው። ሰው በእናቱ ቋንቋ ሲሰማ የቃሉን ግማሽ ቢያጣ ግማሹን ራሱ ይሞላዋል። በተማረው ቋንቋ ሲሰማ ግን የጎደለውን ለመሙላት የሚያስችለው ስንቅ አነስተኛ ነው። በመስማት ላይ የተደረጉ ምርምሮች ደጋግመው ያሳዩት ይህንን ነው፦ ጸጥታ ባለበት ቦታ በእናት ቋንቋው የሚሰማውም ቋንቋውን የተማረውም ተቀራራቢ በሆነ ደረጃ ይሰማሉ፤ ሁካታ ወይም የሚያስተጋባ ክፍል ሲመጣ ግን ቋንቋውን የተማረው ሰው ቀድሞ ይጎዳል። ከአንድ ሶፋ ላይ አንድ ፊልም እያዩ አንዱ ሲስቅ ሌላው «ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ክፍሉ ለሁለቱ እኩል ስላልሰጣቸው ነው።

አማርኛ ራሱም በማስተጋባት ቶሎ የሚጎዳ ቋንቋ ነው። «ይመታል» የሚለውን ውሰዱ። ላልቶ ሲነገር ሰውየው ዱላ ያነሳል፤ ጠብቆ ሲነገር ዱላው በራሱ ላይ ያርፋል። የፊልሙ ታሪክ በሙሉ በዚያች ልዩነት ላይ ሊዞር ይችላል። ልዩነቱ ግን ከንፈርና ምላስ ላይ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ መቆየት ብቻ ነው። «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ቀ»፣ «ጸ» የሚባሉት ድምፆቻችንም የሚታወቁት በፍንዳታቸውና ከፍንዳታው በኋላ ባለችው ትንሽ ዝምታ ነው። ኑዌርና አኝዋ እነዚህ ፈንጂ ድምፆች የሏቸውም፤ በአንጻሩ ቃልን ከቃል የሚለዩት በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ጭምር ነው። ከፍታና ዝቅታው የሚጓዘው በአናባቢው ላይ ስለሆነ ሁካታን የመቋቋም ጉልበት አለው። ያች ትንሽ ዝምታ ግን ምንም ጉልበት የላትም፤ የቀደመው ድምፅ ትርፍራፊ ሲመለስ ይሞላታል። ከዚያ በኋላ «ጠ» ከ«ተ»፣ የጠበቀው ከላላው አይለይም።

ትርፍራፊው ከየት ይመለሳል? እስቲ አንድ ጊዜ ላጨብጭብ።

ሰማችሁት? እጆቼ ከተላቀቁ በኋላም ድምፁ ግድግዳውንና ጣሪያውን እየዞረ ቆየ። አሁን የምናገረው እያንዳንዱ ቃል የቀደመው ቃል ትርፍራፊ ላይ ነው የሚያርፈው። ከኋላ የተቀመጣችሁ የምትቸገሩትም ለዚህ ነው።

ይህን ነገር መጀመሪያ በቁጥር የለካው ሰው ዋላስ ሳቢን ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 አሜሪካ ውስጥ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የሙዚየም ሕንፃ አሠርቶ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር 1888 ዓ.ም.፣ የዓድዋ ዘመቻ ዓመት ማለት ነው። በሕንፃው የንግግር አዳራሽ ውስጥ መምህሩ ሲያስተምር ተማሪው ምንም አይገባውም። አንድ ድምፅ ከወጣ በኋላ እስኪጠፋ ከ5 ሰከንድ በላይ ይወስዳል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ መምህሩ አሥር፣ አሥራ አምስት ቃል ይናገራል። ሳቢን ያኔ የ27 ዓመት ወጣት የፊዚክስ መምህር ነበር። የመንገዱ ጫጫታ ጋብ በሚልበት ሌሊት ረዳቶቹን ይዞ ይገባና ከሌላ ቴአትር ቤት የመቀመጫ ትራሶችን እያሸከመ ያመጣል። ጥቂት ትራስ ያነጥፋል፣ በኦርጋን ቧንቧ ድምፅ ያሰማል፣ እስኪጠፋ ድረስ ያለውን ጊዜ ይለካል፤ ትራስ ይጨምራል፣ እንደገና ይለካል። ከመንጋቱ በፊት ትራሶቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ትራሱ በበዛ ቁጥር የማስተጋባቱ ጊዜ አጠረ፤ አዳራሹ ሲሞላ ወደ አንድ ሰከንድ ገደማ ወረደ። መምህሩ አልተቀየረም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። የተቀየረው ክፍሉ ነው።

ሳቢን ያገኘው ስሌት ዛሬም ይሠራል፤ የእኛን ሳሎን እናስላበት። አራት በአምስት ሜትር፣ ቁመቱ ሦስት ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ። ይዘቱ 60 ሜትር ኩብ ነው፤ ግድግዳው፣ ወለሉና ጣሪያው ሲደመር 94 ካሬ ሜትር ይሆናል። ግድግዳው ልስን፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው እርቃኑን የቆመ ቆርቆሮ ነው እንበል፤ ከሚደርስበት ድምፅ ከመቶ አምስቱን ብቻ ውጦ የቀረውን ይመልሳል እንበል። ስሌቱ ሁለት ሰከንድ ገደማ ይሰጠናል። አሜሪካኖች ለመማሪያ ክፍል ያወጡት መመዘኛ የሚፈቅደው 0.6 ሰከንድ ነው። ሳሎናችን ከዚያ ከሦስት እጥፍ በላይ ያስተጋባል ማለት ነው። አሁን ወፍራም መጋረጃ ስቀሉበት፣ ምንጣፍና ፍራሽ አስገቡበት፣ አሥር ሰው አስቀምጡበት፣ ሁለት መስኮት ክፈቱለት። ያው ስሌት ወደ ግማሽ ሰከንድ ይወርዳል። ስፒከሩ ያው የድሮው ነው፤ ንግግሩ ግን ሌላ ሆነ።

መስኮት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሳቢን ድምፅን የመዋጥ ችሎታ መለኪያ ያደረገው ክፍት መስኮትን ነበር፤ በመስኮት የወጣ ድምፅ ተመልሶ አይመጣምና። በመጋቢት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ጋምቤላ ላይ መስኮት ዘግቶ ፊልም የሚያይ ሰው የለም፤ ስለዚህ ሳናውቀው ጥሩ ነገር እያደረግን ነው። ችግሩ ድምፁ በወጣበት መስኮት የጎረቤት ጄኔሬተርና የባጃጅ ጩኸት መግባቱ ነው። መንገድ ያለበትን ወገን ዘግቶ የጓሮውን መክፈት ብዙ ይጠቅማል። ጄኔሬተር ያላችሁ ደግሞ ከሳሎኑ አርቁት፤ ሜዳ ላይ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ከ3 ሜትር ወደ 12 ሜትር ቢሄድ 12 ዴሲቤል ታተርፋላችሁ። ንግግር ሳያስቸግር እንዲሰማ ከሁካታው በ15 ዴሲቤል ያህል መብለጥ እንዳለበት የመስማት ባለሙያዎች ይናገራሉ፤ ለጄኔሬተሩ ረዘም ያለ ገመድ በመግዛት ብቻ የዚያን አብዛኛውን አገኛችሁ።

አጎበር ድምፅ ይውጣል ብላችሁ እንዳትደክሙ፤ ስስ ነው፣ ድምፅ ያልፈዋል። የእንቁላል መያዣ ካርቶን ግድግዳ ላይ የሚለጥፉ ትንንሽ ስቱዲዮዎችም አሉ፤ ጥቅሙ እጅግ አነስተኛ ነው፣ እሳት ቢነሳ ግን ቶሎ ይቀጣጠላል። ገንዘቡን ለወፍራም መጋረጃ አውሉት።

እዚህ ላይ ስለ አያቶቻችን ቤት አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የአኝዋ ጎጆና ሉዋክ የሚባለው የኑዌር የከብት ቤት ጣሪያቸው ወፍራም ሣር ነው። ሣር በውስጡ አየር የያዘ ነገር ስለሆነ ድምፅ ይገባበታል እንጂ አይመለስም። ግድግዳው ክብ ቢሆንም ጭቃው ሸካራ ነው፣ ወለሉ አፈር ነው፣ በሩ ክፍት ነው። ሽማግሌ በዚያ ቤት ተቀምጦ ሲተርክ ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልገውም ነበር። ዝናብ ቢመጣም ሣሩ ጠብታውን በዝምታ ይቀበለዋል። ወደ ብሎኬትና ቆርቆሮ ስንሸጋገር ብዙ ነገር አግኝተናል፤ ጥንካሬ፣ ከእሳት መዳን፣ በየጊዜው ሣር ከማጨድ መገላገል። ንግግር የሚሰማበትን ቤት ግን ትተን ወጣን፤ ይህንን ማንም አልነገረን። በዚህ ክልል ሥራ የሚጀምር ግንበኛና አርክቴክት ሁሉ እንዲያስብበት ከልቤ እመኛለሁ።

ወደ ዝናቡ ልምጣ። እዚህ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘንባል፤ ሲዘንብ ደግሞ አይቀልድም። ቆርቆሮ ስስና የተወጠረ ስለሆነ እያንዳንዱ ጠብታ እንደ ከበሮ ያስጮኸዋል። ኃይለኛ ዝናብ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች እንኳ ጆሮ ለጆሮ ገጥመው ነው የሚነጋገሩት። የማዳበሪያ ኮርኒስ ይህን አያቆመውም፤ አቧራውንና ፀሐዩን ይከላከል ይሆናል፣ ድምፅን ለማቆም ግን ክብደት ያስፈልጋል። የሚሠራው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ከቆርቆሮው ሥር ክፍተት ትቶ ከበድ ያለ ኮርኒስ መምታት ነው። ሁለተኛው የቆርቆሮውን መርገብገብ ማፈን ነው፤ የሚነካው፣ የሚጫነው ነገር ሲኖር እንደ ልቡ መጮህ አይችልም። ከኤሌክትሪክ ሽቦ በደንብ የራቀ የሣር ወይም የሸምበቆ ንጣፍ ከሥሩ ማስጠጋት ከባዶው ይሻላል። ዶፉ ሲወርድ ግን እውነቱን እንነጋገር፦ በዚያ ሰዓት የትኛውም ስፒከር አይረዳም። ጽሑፍ ያለውን ፊልም ክፈቱ፣ ወይም ዝናቡ እስኪያባራ ሻይ ጠጡ።

ድምፅ መጨመር ዶፍ ባልሆነ ዝናብ ላይ ትንሽ ይረዳል፤ ዝናቡ አብሮ አይጨምርምና። በሚያስተጋባ ክፍል ውስጥ ግን ፈጽሞ አይረዳም። ቃሉን በእጥፍ ስታሳድጉት ትርፍራፊውም በእጥፍ ያድጋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ያው ነው። ጭቅጭቁ ማለቂያ የሌለው ለዚህ ነው። የሚረዳው መጠጋት ነው። ከስፒከሩ በአምስት ሜትር የተቀመጠ ሰው ከቃሉ ይልቅ ግድግዳውን ይሰማል፤ ወደ ሁለት ሜትር ሲጠጋ ቃሉ ራሱ በርትቶ ይደርሰዋል። ወንበር መግፋት ገንዘብ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ዕቃው።

ቤዝ እንወዳለን። በሠርግና በጭፈራ ላይ ቤዙ ደረት ካልመታ ሙዚቃው የሌለ ይመስለናል፤ ይህም ያምራል። ለንግግር ግን ቤዝ ጠላት ነው፤ ምክንያቱም በጆሮአችን አሠራር ውስጥ ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ዌግልና ሌን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንዱ ድምፅ ሌላውን እንዴት እንደሚሸፍን ለክተው ያገኙት ነገር አለ፦ ወፍራሙ ድምፅ ሲበረታ ከእሱ በላይ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ይውጣቸዋል፤ ቀጭኑ ግን ወፍራሙን ያን ያህል አይሸፍነውም። የንግግር ጉልበት ያለው በአናባቢዎች ላይ ነው፤ እነሱ ከ1000 ሄርዝ በታች ይበዛሉ። ቃሉን ከቃል የሚለዩት ተነባቢዎች ግን ደካሞች ናቸው፣ ወሳኝ ክፍላቸውም ከ2000 እስከ 4000 ሄርዝ ባለው ውስጥ ነው። ዎፈሩን ስትለቁት መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው። የሚቀረው «ኧኧኧ» የሚል የሰው ድምፅ ብቻ ነው፤ ሰው እየተናገረ እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ምን እንዳለ አታውቁም። ዎፈር በክፍሉ ጥግ ሲቀመጥ ሦስቱ ገጾች፣ ማለትም ሁለቱ ግድግዳና ወለሉ፣ ቤዙን ያጎሉታል። ከጥጉ አውጡት፤ ፊልም ስትከፍቱ ደግሞ ቀንሱት። «ሆል»፣ «ስታዲየም»፣ «ኮንሰርት» የሚሉትን ማስተካከያዎች አጥፏቸው፤ እነሱ ሆን ብለው ማስተጋባት የሚጨምሩ ናቸው፤ እኛ ደግሞ ከበቂ በላይ አለን።

ከዕቃው ሁሉ አብዝቼ የምቆይበት ግን መካከለኛው ስፒከር ነው። ስድስት ስፒከር ያለው ሆም ቴአትር ገዝታችሁ ካርቶኑን ስትከፍቱ አንዷ ከሌሎቹ ለየት ያለች፣ አብዛኛውን ጊዜ ወርዷ ሰፋ ያለ ናት። ብዙ ቤት እሷ ቦታ አጥታ ወለል ላይ ትጣላለች፣ ከአበባ ማስቀመጫ ኋላ ትደበቃለች፣ ወይም ቡፌ ውስጥ ተዘግቶባት ትቀመጣለች። የፊልሙ ንግግር አብዛኛው የተቀመጠው ግን በእሷ ውስጥ ነው! ሲኒማ ቤቶች መካከለኛ ስፒከር ከመጋረጃው ኋላ የተከሉት በምክንያት ነው። ንግግሩ ከግራና ከቀኝ ስፒከር እኩል ቢወጣ መሐል የተቀመጠው ሰው ከመሐል ይሰማዋል፤ ዳር የተቀመጠው ግን ቀድሞ ከደረሰው ስፒከር ብቻ የመጣ ይመስለዋል። ጆሮ ቀድሞ የደረሰውን ያምናል። ሄልሙት ሃስ የተባለ ጀርመናዊ ይህንን በ1949 እ.ኤ.አ. አጥንቶታል። መካከለኛዋ ስፒከር ስትኖር ግን የትም ብትቀመጡ ቃሉ የሚመጣው ከተዋናዩ አፍ አቅጣጫ ነው።

ስለዚህ እሷን ከቡፌው አውጧት። ከቴሌቪዥኑ በታች ወይም በላይ፣ ፊቷ ወደ ጆሮአችሁ ቀና ብሎ ትቀመጥ፤ ዝቅ ካለች ከሥሯ የታጠፈ ካርቶን አድርጉና አንጋጡላት። በማስተካከያው ላይ የ«ሴንተር»ን ድምፅ ሁለት ሦስት ነጥብ ከፍ አድርጉ። ያኔ ተኩሱ ሳይጨምር ንግግሩ ብቻ ይጨምራል፤ ቅድም ያነሳሁት ጭቅጭቅ ግማሹ እዚያው ያልቃል። «ናይት ሞድ» የሚል ካለም ክፈቱት፤ ከፍተኛውን ዝቅ፣ ዝቅተኛውን ከፍ አድርጎ ያቀራርብላችኋል። ትልልቆቹ ፊልሞች የተቀመሩት ለሲኒማ ቤት ነው። እዚያ አንድ የፊት ስፒከር እስከ 105 ዴሲቤል እንዲደርስ ይፈቀድለታል። ያንን ልዩነት ሕፃን የተኛበት ሳሎን ውስጥ ማንም አያስፈልገውም።

ሁለት ስፒከር ብቻ ያላችሁ አንድ ነገር ፈትሹ። ማጫወቻው ስድስት ስፒከር እንዳለ ቆጥሮ 5.1 እየላከ ከሆነ የመካከለኛዋ ድርሻ የትም አይደርስም፤ ሙዚቃና ተኩስ ብቻ ትሰማላችሁ። የድምፅ ማውጫውን ከፍታችሁ «ስቴሪዮ» የሚለውን ምረጡ፤ ያኔ የመካከለኛዋን ንግግር ለግራና ለቀኝ ያካፍለዋል። ቀጥሎ ሽቦውን እዩ። ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር መግባት አለበት። በአንዱ ስፒከር ላይ ቢገለበጥ ሁለቱ ስፒከሮች እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ የንግግሩ ድምፅ ባዶና ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ይሆናል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ዜና የሚነበብበትን ጣቢያ ክፈቱ፣ ከሁለቱ ስፒከሮች እኩል ርቀት ላይ መሐል ተቀመጡ። የአንባቢው ድምፅ ከቴሌቪዥኑ መሐል ከወጣ ደህና ነው፤ ጭንቅላታችሁን የዞረ ከመሰላችሁ አንዱን ሽቦ ገልብጡት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማስተካከያውን የሚረሳ ዕቃም ስላለ ይህን ፈተና አልፎ አልፎ ድገሙት።

አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል፦ «የቱርኩ ድራማ በአማርኛ ሲመጣ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ራሳችን የሠራነው የአማርኛ ፊልም ለምን አይሰማም?» ጥያቄው ጥሩ ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እየተካ ነበር። የድምፅ ተዋናዩ የሚናገረው ጸጥ ባለ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ማይክሮፎኑ አፉ አጠገብ ሆኖ ነው። ቀረጻው ምንም ማስተጋባት ስለሌለው የእኛ ክፍል የሚጨምረው ብቻ ነው የሚኖረው። ባነሰ ገንዘብ የተሠራ ፊልም ላይ ግን ማይክሮፎኑ ካሜራው ጋ ነው፣ ተዋናዩ ሦስት ሜትር ርቆ ባዶ ሳሎን ውስጥ ይናገራል። ስለዚህ የእነሱ ክፍል ያስተጋባበትን ድምፅ የእኛ ክፍል እንደገና ያስተጋባበታል። አንዱ ጉዳት በሌላው ላይ ተደርቦ ይመጣል፤ የፊተኛውን ስፒከራችን ሊያነሳው አይችልም፣ የኋለኛውን ግን በመጋረጃና በምንጣፍ እንቀንሰዋለን።

ወጣቶች የሚወዱት «ትርጉም ፊልም»ም የራሱ ፈተና አለው። ተራኪው በእንግሊዝኛው ንግግር ላይ በአማርኛ ይናገራል፤ ሁለቱም በአንድ ስፒከር ይወጣሉ። መካከለኛዋን ከፍ ብታደርጉ ሁለቱም አብረው ከፍ ይላሉ። እዚህ ያለው መላ ቤዙን ቀንሶ ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ማንሳትና መጠጋት ነው። ቪዲዮ ቤት ያላችሁ ወንድሞቼ ይህንን በተለይ ስሙኝ፦ እናንተ ጋ የሚገባው ሰው ከፍሎ ነው። ኋላ ግድግዳ ላይ ከባድ ጨርቅ ብትሰቅሉ፣ ስፒከሩን ከተመልካቹ ጭንቅላት ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ወደ ታች ብታዘነብሉት የኋላው ወንበርም ፊልሙን ይሰማል።

ዓይንም እንደሚሰማ አትርሱ። በ1954 እ.ኤ.አ. ሰምቢና ፖላክ የተባሉ ተመራማሪዎች በሁካታ ውስጥ የተናጋሪውን ፊት ማየት ድምፁን በ15 ዴሲቤል ያህል ከፍ ከማድረግ ጋር የሚመጣጠን ጥቅም እንዳለው አሳይተዋል። ብሉቱዝ ስፒከር ድምፁን ሲያዘገየው ከንፈሩና ቃሉ ይለያያሉ፤ ይህ እርዳታም ይጠፋል። ፊልም ስታዩ በሽቦ አገናኙ። ድምፁ በተተካ ድራማ ላይ ከንፈሩ የሚናገረው ሌላ ቋንቋ ስለሆነ ጆሮ ብቻውን ነው የሚሠራው፤ እዚያ ላይ ክፍሉ ይበልጥ መስተካከል አለበት።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ደግሞ አሉ። ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚደክመው የቀጭን ድምፅ መስማት ነው፤ ተነባቢዎቹ ያሉት ደግሞ እዚያ ነው። «አይሰሙም» እንላቸዋለን እንጂ ይሰማሉ፣ የሚሰሙት ግን አናባቢውን ብቻ ነው። ለክብራቸው ብለን የምንሰጣቸው ትልቁ ወንበር አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ግድግዳ ጋር የተጠጋ ነው፤ ማስተጋባቱና ቤዙ የሚበረታውም እዚያ ነው። ወንበሩን ወደ ፊት አምጡላቸው፣ ከመካከለኛዋ ስፒከር ፊት ለፊት ይሁን፤ ቬንትሌተሩም ከጆሮአቸው አጠገብ አይሁን። አያት ፊልሙን ሲከታተሉ፣ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር በአንድ ሰዓት ሲስቁ ማየት የቤቱን ምሽት ይቀይረዋል።

በመጨረሻ ወደ እናንተ ወደ ወጣቶቹ ልምጣ። በስልካችሁ አጫጭር ፊልም የምትሠሩ፣ በኑዌርም በአኝዋም በአማርኛም የምትተርኩ ትኖራላችሁ። የተመልካቹን ክፍል እናንተ ማስተካከል አትችሉም፤ የራሳችሁን ቀረጻ ግን ትችላላችሁ። ማይክሮፎኑን ከሁለት ሜትር ወደ ግማሽ ሜትር ብታቀርቡት ከሁካታው በላይ 12 ዴሲቤል ታገኛላችሁ። ውጫዊ ማይክሮፎን ከሌላችሁ ሁለተኛ ስልክ ተዋናዩ ደረት ኪስ ውስጥ አድርጉና ድምፅ ብቻ ይቅረጽ፤ መጀመሪያ ላይ አንዴ አጨብጭቡ፣ ኋላ ስታቀናብሩ ሁለቱን ቀረጻ በጭብጨባው ታገጣጥማላችሁ። የቤት ውስጥ ትዕይንት ካላችሁ ከሲሚንቶው ሳሎን ይልቅ የሣር ጎጆ ፈልጉ፤ ለሥዕሉም ያምራል፣ ለድምፁም ከተማ ውስጥ በገንዘብ የማታገኙት ስቱዲዮ ነው። ዝናብ ሲመጣ ግን ሥራ አቁሙ፤ በቆርቆሮ ሥር የተቀረጸ ንግግር ኋላ አይጸዳም።

አሁን እዚህ መድረክ ላይ አንዱን ስፒከር ሆን ብለን ሽቦውን ገልብጠን እናገናኘዋለን፤ ከዚያም እናስተካክለውና ልዩነቱን በጆሮአችሁ ትሰማላችሁ። ከኋላ ረድፍ ያላችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፣ የጓሮውን መስኮቶችም ክፈቱልን። ጥያቄያችሁን ከዚያ በኋላ እቀበላለሁ።